ግማሹ ዘፈን አድማጩ ዘንድ ነው



በአንድ ቴሌግራም ልጀምር። ጊዜው መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ ገና አንድ ወር አልሞላም። ግራዚያኒ ሮም ላለው ለቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ለሌሶና እንዲህ ሲል ያስታውቃል፤ በከተማዪቱና በዙሪያዋ ያሉ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና ታሪክ እየዘፈኑ የሚዞሩ ሰዎች ሁሉ ተይዘው እንዲረሸኑ አዟል፤ እስከዚያች ዕለት ድረስ 70 ያህሉ ታድነው ተገድለዋል። ምክንያቱንም አልደበቀም። የጣልያን አገዛዝ በቅርቡ ያበቃለታል የሚለውን ወሬ በሕዝቡ መሀል የሚነዙት እነሱ ናቸው ብሎ ነው።

አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የያዘ ጦር፣ ባለ አንድ አውታር ማሲንቆ ፈራ። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን በሰውየው ጭካኔ ብቻ እንደነቃለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ግራዚያኒ ስለ ዘፋኞቹ ኃይል የገመተው ትክክል ነበር። በአንድ ሌሊት ከአንኮበር መንዝ፣ ከመንዝ ግሼ፣ ከግሼ ወሎ ወሬ የሚያደርስ ሽቦ አርበኞቹ አልነበራቸውም። ስንኝ ግን ነበራቸው። ሁለት መስመር ስንኝ በገበያተኛ አፍ ቆላና ደጋ ታቋርጣለች፣ ኬላ ላይ ብትፈተሽ አትገኝም።

የእኛዎቹ ገዥዎችም ይህን ያውቁት ነበር። «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር የሚባለው ለወግ አይደለም። መልሱ የሕዝቡን ሆድ ያሳያቸዋል። መልሱ ሲመራቸውም አንዳንዱ ይሸልማል፣ አንዳንዱ ይገርፋል፣ ብልሁ ደግሞ አልሰማሁም ብሎ ያልፋል። ግራዚያኒም በበኩሉ እረኛ ምን አለ ብሎ ጠይቋል። መልሱን ግን በጥይት ነው የቀጣው።

ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ዘፋኞችና ስለሚዘፍኑት ታሪክ ነው። ሥፍራውም የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አምባ። ፈረንጆች ባላድ የሚሉት የዘፈን ዓይነት አለ፤ አንድ ድርጊት ከመነሻው እስከ መድረሻው በዜማ የሚተረክበት። ማን ማንን ገደለ፣ ማን ማንን ወደደ፣ ምን ሆነው ቀሩ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ የነበረውን ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰብስቦ 305 ዓይነት ብሎ ቆጥሮታል። ከ1916 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ሴሲል ሻርፕ የተባለው እንግሊዛዊ ወደ አሜሪካ የአፓላችያ ተራሮች ሄዶ፣ በአገሩ ቆላ የተረሳው የአያቶቹ ዘፈን በባዕድ አገር ደጋ ሳይሞት አገኘው። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚልማን ፓሪና ረዳቱ አልበርት ሎርድ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ አቭዶ መጄዶቪች የሚባል ፊደል ያልቆጠረ ሥጋ ሻጭ አግኝተው፣ ከ12,000 መስመር በላይ የሆነ አንድ ታሪክ ከቃሉ ጻፉ። ሰውየው ቀናት ወሰደበት።

እንግዲህ ይህን የሰማ አጥኚ ወደ እኛ ደጋ ይመጣል። ደጋ አለ፣ ተራራ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ባለ ማሲንቆ አለ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ማስታወሻ ደብተሩን ዘርግቶ 12,000ውን መስመር ይጠብቃል። የሚሰማው ግን ሁለት መስመር ነው። ከዚያ ማሲንቆው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሌላ ሁለት መስመር ይመጣል፣ ከፊተኛው ጋር የማይገናኝ። አጥኚው ደብተሩን ያጥፍና «ባላድ የላቸውም፤ ቁርጥራጭ ስንኝ ብቻ ነው ያላቸው» ብሎ ይጽፋል።

ተሳስቷል። ታሪኩ አለ፤ ያለው ግን ዘፋኙ አፍ ላይ ብቻ አይደለም። ግማሹ አድማጩ ዘንድ ነው።

ለማሳያ አንዲት ስንኝ ልግጠም። የራሴ ናት፤ ከማንም አልሰማኋትም፣ ማንንም አትነካም።

ባና ያለበስነው ብርድ የመታው ዳኛ፤
ይኸው ሞቆት ተኛ ብርዱ ቀረ ለኛ።

ስድስት፣ ስድስት ቀለም ነው፤ የወል ቤት የምንለው። ሰሙ ስለ ደጋ ብርድና ስለ ሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ወርቁ ጉቦ ነው፤ በልቶ ፍርዱን ያስተኛ ዳኛ። እስከዚህ ድረስ ማንም አማርኛ የሚችል ሰው ይደርስበታል። አሁን ግን ይህችን ስንኝ በሐሳባችሁ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሞላሌ ገበያ ውሰዷት። እዚያ የቆመው አድማጭ «ዳኛ» ሲባል የሚያውቀው አንድ ሰው አለ። ባናውን የሠራው ማን እንደሆነ፣ የሱፉ በግ የማን እንደነበር፣ ሙግቱ በየትኛው መሬት ላይ እንደሆነ፣ የተረታው ሰው ከዚያ ወዲያ ጫካ መግባት አለመግባቱን ያውቃል። ለእሱ ስንኟ የሙሉ ታሪክ ማጠቃለያ ናት። አዝማሪው አንድ ስም ሳይጠራ፣ አንድ ቀን ሳይጠቅስ ሁሉን ተናገረ። ዳኛው ቢቆጣ «እኔ ስለ ብርድ ነው የዘፈንኩት» ይላል።

ሽማግሌዎቻችን ስንኝ ሲነግሯችሁ አስተውላችሁ ከሆነ ስንኟን ብቻዋን አይነግሯችሁም። «እገሌ የሚባል ሰው ነበረ፤ ከእገሌ ጋር በወሰን ተጣሉ፤ እንዲህ ቢለው ጊዜ እንዲህ ብሎ ገጠመ» ይሏችኋል። ትረካው በቃል ይወርዳል፣ ስንኟ መጨረሻ ላይ ትመጣለች፣ ሰው ይስቃል ወይም ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ የእኛ ባላድ የምለው ይህን ጥንዱን ነው። አንዱ ክፍል በዜማ፣ አንዱ ክፍል በወግ። ስንኙን ብቻ የሰበሰበ ሰው ግማሹን ጥሎ ነው የሄደው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ አብዛኞቹ የታተሙ የቃል ግጥም መድበሎቻችን ስንኙን ብቻ ነው የያዙት።

ይህ እንዴት ያለ ጉዳት እንደሚያመጣ ማየት ለሚፈልግ የጥንቶቹን የወታደሮች መዝሙሮች ይመልከት። በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ጥንታዊ የምንላቸው ጽሑፎች ዘፈኖች ናቸው፤ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የተገጠሙ። ኢጣልያዊው ሊቅ ኢግናሲዮ ጉዊዲ በ1889 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል። ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዓምደ ጽዮን መናገሻውን ተጉለት አድርጎ ነበር፤ ከመንዝ ጎን። ዘርዐ ያዕቆብም ደብረ ብርሃንን የቆረቆረ ንጉሥ ነው። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ የዘፈናችን ጽሑፍ ከተወለደባቸው አገሮች አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እነዚያን መዝሙሮች ግን ዛሬ ሊቃውንቱም በጭንቅ ነው የሚያነቧቸው። ቋንቋው አርጅቷል፣ እሱ አንድ ነገር ነው። ሌላው ችግር ግን የአድማጩ ግማሽ መጥፋቱ ነው። የትኛው ሹም፣ የትኛው ዘመቻ፣ ለምን እንዲህ ተባለ የሚለውን የሚነግረን ያ በድንኳኑ ዙሪያ ቆሞ ይስቅ የነበረው ጭፍራ ነበር።

አሁን ወደ መንዝ ልግባ። በተለይ አንድ ጥያቄ ላይ ልቆይ ነው፤ ይህን ያህል የሚያውቅ አድማጭ ከየት መጣ?

መልሱ ርስት ይመስለኛል። መንዝ በሦስት ይከፈላል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። መሬቱን መጀመሪያ የያዙት አቅኚ አባቶች ይባላሉ፤ በጓሳው በኩል ስለ አስቦና ስለ ጌራ ይተረካል፣ መሬቱንም በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። ርስት ለመጠየቅ ሰው የዘር ሐረጉን ከነዚህ አባቶች ጀምሮ መቁጠር አለበት። በእናት በኩል፣ በአባት በኩል፣ በአያት እናት በኩል። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ከማን ተጋባ፣ ማን ማንን ገድሎ በምን ካሳ ታረቀ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ መሬቱን ይነጠቃል። 3,200 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ያለው የጓሳ ሣር እንኳ በቄሮ ሥርዓት ነበር የሚጠበቀው፤ መቼ ተከፍቶ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚያጭድ የሚወስኑት የአባቶቹ ተወላጆች ነበሩ። ሣሩ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ነው።

በዚህ አገር ያደገ ሰው በግድ የታሪክ ተማሪ ነው። አዝማሪው ድግስ ቤት ገብቶ ግማሽ ቃል ሲወረውር ሌላውን ግማሽ የሚሞሉለት እነዚህ በሙግት የሠለጠኑ ጆሮዎች ናቸው። የሙግቱ አነጋገርና የስንኙ አነጋገርም ቢሆን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም በአሽሙር፣ በምሳሌ፣ በዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. መንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው በከንቱ አልነበረም። የመንዝን ገበሬ ኑሮ በሰፊው ጽፏል፤ ስለ ቅኔውና ስለ ድብቅ አነጋገሩም በሰፊው ጽፏል። እኔ የምጨምረው ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ ድብቁን የሚፈታው ቁልፍ የዘር ቆጠራው ነበር።

ከዚህ አንጻር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለዘፈንም ትልቅ ቀን ነው። ርስት ቀረ፣ ቄሮም አብሮ ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣው ነገር አለ፣ ስለ እሱ የሚከራከሩ ሌሎች ናቸው። ወደ ዘፈኑ ስንመጣ ግን፣ ሰባት ትውልድ መቁጠር እንጀራ መሆኑ ቀረ። የአያቱን ወንድም ያጣላው ሰው ማን እንደነበረ የማያውቅ ወጣት የሚያጣው ነገር አልነበረም። በአሥርና በሃያ ዓመት ውስጥ አድማጩ ተለወጠ። አዝማሪው ያው፣ ማሲንቆው ያው፣ የፈረስ ጭራው ያው። ግማሽ ቃል ቢወረውር ግን የሚቀልብለት ጠፋ።

እዚህ ላይ አዝማሪ ብቻ ነው የሚገጥመው እንዳይመስላችሁ። በዚህ ደጋ ሙያው አዝማሪ የሆነው ሰው ብዙ ጊዜ ተላላፊ እንግዳ ነው። ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከጥምቀት ወደ ገበያ ይዞራል። በሰው ዘንድ መፈለጉ ብዙ ነው፣ መከበሩ ትንሽ፤ ጠላ ይቀዳለታል፣ ልጅ ግን አይዳርለትም። የአገሩን ምስጢር የሚያቀብለውም አገሩ ራሱ ነው። አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይለዋል፣ ስንኙን ይነግረዋል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። ማን ገጣሚ ማን ዘፋኝ እንደሆነ በዚያች ሰዓት መለየት ያስቸግራል፤ ነገሩም ለዚሁ የተበጀ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ ስንኝ ተከሳሽ የለውም። ከአዝማሪው ውጭ ደግሞ በአውድማ የሚዘፍነው፣ በቀረርቶና በፉከራ የሚያቅራራው፣ በዋሽንት የሚያንጎራጉረው እረኛ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ሙሾ አውራጇ አለች። እኔ ስለ ባላድ ሲነሣ ቀድማ የምትታወሰኝ እሷ ናት። ለቅሶ ቤት የሟቹን ሕይወት ከልጅነቱ እስከ ሞቱ እየመዘዘች፣ የቆመውን በሬውን፣ የተሰቀለውን ጠመንጃውን፣ ሩቅ ያለ ልጁን እየጠራች የምታወርደው ለፈረንጁ ባላድ ከማንኛውም ዘፈናችን የቀረበ ነው። ገንዘብ ተከፍሏት ቀድታ የሸጠቻት ሙሾ ግን የለችም፤ ስለዚህም በዘፈን ታሪካችን መጽሐፎች ውስጥ ስሟን ብትፈልጉ አታገኙትም።

ሁለት ታሪኮች ልጥቀስ፤ ሁለቱም በዚህ ምድር የሆኑ ናቸው።

የመጀመሪያው የ1909 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። በሸዋ ወገን የነበሩት ራስ ልዑልሰገድ ቶራ መስክ ላይ ገጥመዋቸው ከብዙ ሠራዊታቸው ጋር ወደቁ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ የሸዋ ጦር አሸነፈ፣ ንጉሡም ተማረኩ። ይህ ጦርነት በድንበርተኞች መካከል የተደረገ ነው። የመንዝና የግሼ ሰው ከወሎ ጋር የተጋባ፣ በአንድ ገበያ የሚውል ሰው ነው። የአንዱ አማት በወዲያ፣ የአንዱ ወንድም በወዲህ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ስንኝ እንደ አድዋ ስንኝ በአንድ ድምፅ አይፎክርም፤ አሸናፊውም ሲዘፍን ግማሽ ልቡ ያለቅሳል። ያዘኑለትን ዘመድ በግልጽ ማልቀስ የማይቻልበት ጊዜ ነበርና ሰሙ የፉከራ፣ ወርቁ የሙሾ ሆነ። ይህን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ያንን ፉከራ በትክክል የሚሰማው።

አሁን «ለምን አንዱን አታሰማንም?» የምትሉ አላችሁ። የማላሰማበት ምክንያት አለኝ። እነዚህ ስንኞች ሰው ይነካሉ። የተሰደቡት ሰዎች የልጅ ልጆች አሉ፣ ምናልባትም እዚህ አዳራሽ ውስጥ። ወደዚህ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው በ1931 ዓ.ም. የሆነው ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የጣልያን ጦር ዘረት ላይ፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው፣ ከአርበኛው ከራስ አበበ አረጋይ ወገን የነበሩትን የተሾመ ሽንቁጥን ሰዎች ከበበ። ዋሻው ውስጥ የነበሩት ተዋጊዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች፣ ቁስለኞች ነበሩ። የመርዝ ጋዝ ተጣለባቸው፣ የወጡት ተረሸኑ። ያለቁት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ይህን ለዓለም አደባባይ ያወጣው ኢጣልያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ዋሻውን አገኘሁ አለ። ከእሱ ቀጥሎ የመሬት ቁፋሮ ባለሙያዎች ገብተው የቀሩትን የሸክላ ዕቃዎች፣ የእህል ጎተራ ፍራሽና አጥንት አጥንተዋል። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ «አገኘ» ነው የሚባለው። የአካባቢው ሰው ግን ዋሻው ጠፍቶበት አያውቅም። ስሙን ያውቀዋል፣ ማን እዚያ እንደቀረ ያውቃል። ከ67 ዓመት በኋላ በጋዜጣ የወጣው ነገር በለቅሶ ቤት ሲነገር የኖረ ነው። በአዲስ አበባ ያለን ሰዎች ስንኙ ቢደርሰን እንኳ የሚፈታልን ስላልነበረ አልሰማነውም።

ከዚህ በኋላ ከተማ እንግባ።

የአማርኛ ዘፈን ወደ ሸክላ የገባው በሰሜን ሸዋ ሰው ድምፅ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ልጅ ናቸው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ጀርመን ሄደው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የልጅ ኢያሱም የቅርብ ሰው ነበሩ፤ የስፖርቱ ሰው የይድነቃቸው ተሰማ አባትም ናቸው። እኒያ ሸክላዎች ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሕትመት 27ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ወጥተዋል። ማዳመጥ የምትፈልጉ አግኙት፤ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ቢሆንም ቀልዱ ይሰማል። ሁሉም ቀልድ ግን አይገባንም። በቤተ መንግሥቱ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ሲስቁበት የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ሸክላው አልቀረጸውም።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ከነፃነት በኋላም መድረኩ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ባለ ማሲንቆዎችን ሰበሰበ። እዚህ ላይ ትልቁ ለውጥ መድረኩ ነው። ድግስ ቤት አዝማሪው በሰው መካከል ይቆማል፤ መድረክ ላይ ግን ከፍ ብሎ ከሰው ፊት ይቆማል። «ተቀበል!» የሚል የለም። ቀጥሎ ኦርኬስትራው መጣ፣ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲጀምር ዘፈን በሦስትና በአራት ደቂቃ መለካት ያዘ። የአዝማሪ ጨዋታ ግን በደቂቃ አይለካም፤ የሚለካው በጠላው ነው። አምኃ እሸቴን አልወቅስም፤ እሱ ባይኖር ከዚያ ዘመን የምንሰማው ምን ይቀረን ነበር? የምለው፣ በሦስት ደቂቃ የሚቀር ዘፈን የአንድ ቀዬን ዳኛ ይዞ አይሄድም። ጎንደርም፣ ጅማም፣ ድሬዳዋም መሸጥ አለበት። ስለዚህ ስሙ ይወጣል፣ ቀዬው ይወጣል፣ ሙግቱ ይወጣል። የሚቀረው ናፍቆቱ ነው።

ትዝታ ዋነኛው የከተማ ዘፈናችን የሆነው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። አስናቀች ወርቁ በክራር፣ ካሳ ተሰማ በክራር፣ ማሕሙድ አሕመድና ጥላሁን ገሠሠ ከኦርኬስትራ ጋር፣ በዛወርቅ አስፋው በዚያ በማይደክም ድምፅዋ። የዘፈን አዋቂዎች አንዳንዶቹ ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል፤ ታሪክ ይነግር የነበረው ዘፈን ተሟጥጦ ልቅሶ ብቻ ሆነ ይላሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ ክርክር ያሳምነኝ ነበር። አሁን አያሳምነኝም። ትዝታን የሚያዳምጠውን ሰው እዩት። ዘፋኟ ማን እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ፣ የት እንደቀረ አትነግረውም። እሱ ግን ያውቃል። ለእሱ የሄደች አንዲት ሴት አለች፣ ወይም ጥሎት የመጣው ቀዬ፣ ወይም የሞተ ወንድም። የጎደለውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል። እንዲያውም ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ሰው አንድ ትዝታ ከፍቶ የሚሰማው ባላድ በዚያች ከተማ ሌላ ማንም የማይሰማው ነው። ስልቱ ያው የመንዙ ስልት ነው፤ ዘፋኙ ይጠቁማል፣ አድማጩ ይተርካል። የተለወጠው ታሪኩ የቀዬ መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዱ ሰው የግሉ መሆኑ ነው። የጋራ ሳቅ ቀረ፤ የግል እንባ ግን በዛ።

ደርግ ወድቆ የሰዓት እላፊው ሲነሣ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም.፣ በካዛንቺስና በሌሎችም ሠፈሮች የአዝማሪ ቤቶች ፈሉ። እነሱ የድሮውን ነገር በከፊል መልሰዋል ማለት ይቻላል። አዝማሪው እንደገና በሰው መካከል ቆመ፤ «ተቀበል!» ተመለሰ። ገብታችሁ ስታዩት ግን አዝማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ጥያቄ ነው። ስምህ ማነው? ከየት ነህ? ይህቺ ሚስትህ ናት? መንዝ ላይ ይህን አይጠይቅም ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከተማ ውስጥ ታሪኩን እዚያው በቆመበት፣ በአንድ ብርሌ ዕድሜ ውስጥ መሥራት አለበት። የሸላሚውን ሆድ፣ የኮቱን ዋጋ፣ ጎን የተቀመጠችውን ሴት አይቶ ወዲያው ይገጥማል። ይህ ችሎታ ከድሮው አያንስም፤ እኔ እንዲያውም ይበልጣል እላለሁ። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ጠዋት ላይ ስንኙን የሚያስታውስ የለም።

በቴፕ ካሴት ዘመን፣ ከዚያም በቪሲዲ፣ አሁን ደግሞ በዩቲዩብ የሸዋ ዘፈን በብዛት ወጥቷል። ስለ ጀማና ስለ ወንጪት፣ ስለ ዓለም ከተማ፣ ስለ ጓሳና ስለ ባና የማይዘፈንበት ሠርግ የለም። ክሊፖቹ አረንጓዴ ሜዳና ጭላዳ ዝንጀሮ ያሳያሉ። አልጠላኋቸውም፤ እግርም ያስነሣሉ። ግን የቦታ ስም እንደ ጌጥ ብቻ ሲደረደር የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ወንዝ በዘፈን ሲጠራ ድሮ ምክንያት ነበረው። ጀማ ሲሞላ መርሐቤቴ ከወዲያ ማዶ ይቀራል፤ ሙሽራ አይሻገርም፣ የመንዝ ገብስና ሱፍ በቆላ እህል አይለወጥም፣ ሽፍታ ግን ከአሳዳጁ ይድናል። «ጀማ ሞላ» ያለ ዘፋኝ ከነዚህ አንዱን ነበር የሚለው፤ አድማጩም የትኛውን እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ስንኞቹን ስለ መቅዳትና ስለ ማሰማት ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ከነሱም ይልቅ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ አለ። ሽማግሌ አያት ያላችሁ ልጆች ስንኝ ትቀዳላችሁ፣ ጥሩ ነው። ስንኙን ከቀዳችሁ በኋላ ግን ስልኩን አትዝጉት። ማን ገጠመው? ማን ላይ? መቼ? ምን ቢሆን ጊዜ? ማን ሳቀ፣ ማን ተቆጣ? አብዛኛውን ጊዜ ስንኙ አምስት ሰከንድ ይፈጃል፣ ምክንያቱ ግማሽ ሰዓት። ያ ግማሽ ሰዓት ነው ዘፈኑ።

ችግሩ ይሄን ማድረግ ቀላል አለመሆኑ ነው። ስም አለመጥራቱ ለዘፋኙ ጋሻ ነበር። «ስለ ብርድ ነው የዘፈንኩት።» ታሪኩን ከስንኙ ጎን በጽሑፍ ስናሰፍር ጋሻውን እንነጥቀዋለን። የዳኛው ስም ይወጣል። የደም ዕዳ ያለባቸው ሁለት ቤተሰቦች፣ በሽምግልና ታርቀው ተጋብተው ሲኖሩ፣ አንድ ወጣት በማኅበራዊ ሚዲያ የአያቶቻቸውን ገዳይና ሟች ስም ከነስንኙ ይለጥፋል። ስንኝ ሰው ያነሣሣል፤ ድሮም ለዚያ ነው የተሠራው። የወንድ ልጅ ደም ሳይመለስ ቀረ የሚል ሁለት መስመር ስንት ሰው ጫካ እንዳስገባ በዚህ ደጋ የሚያውቅ ያውቃል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ፣ ለጥያቄ ጊዜ አለ። መጻፍ አለበት፣ ሙሉውን፣ ከነስሙ። ግን የሚመለከታቸው ሰዎችና ልጆቻቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ በተቋም መዝገብ ቤት ታሽጎ ይቀመጥ፤ ተራኪው ራሱ መቼ እንደሚከፈት ይወስን፣ ፊርማውንም ያኑር። ይህን ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ የሚፈሩትም ነገሩ መጻፉን ሳይሆን ነገ ጠዋት ገበያ ላይ መሰማቱን ነው። ለሙሾ አውራጆቹ ደግሞ መቅጃው ለቅሶ ቤት እንዳይገባ እለምናለሁ። ከአርባው በኋላ፣ ቤታቸው ሄዶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ።

አሁን ጥያቄ።